እህል የማይቀምሱት እጩ

ጋሽ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ከጅዳ ነው። ቤታቸው ከፎቶ ቤቴ ደጃፍ ቆሞ ለሚያይ ሰው ቆርቆሮው ሳይቀር ይታያል፤ መንገዱን ተሻግሮ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። እኔ ግን ሱቄን ከፍቼ፣ ለመታወቂያ ፎቶ የመጣ አንድ ጎረምሳ አገጩን ዝቅ እንዲያደርግልኝ እየለመንኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ፎዚያ በድምፅ የላከችው መልእክት ነበር። «ጋሼ ግርማ፣ አባባ ጎሕ ሲቀድ አረፈ» ትላለች። ከዚያ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ቀጥላ፣ «ያን የምርጫውን ፎቶ ላክልኝ፤ ጃንጥላ የያዘበትን» አለች። የመካነ ሰላም ወሬ ዘንድሮ ባሕር ተሻግሮ ሳይመለስ ጎረቤት አይደርስም።

ጎረምሳውን ነገ ና ብዬ ሸኘሁትና ፎቶውን ፈልጌ ላክሁላት። ከላክሁ በኋላ ግን ዓይኔን ከሥዕሉ ላይ መንቀል አቃተኝ። ጺማቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ክራቫታቸው አንገታቸውን አንቆ ይዟቸዋል። ጃንጥላው በክንዳቸው ተንጠልጥሏል። ፊታቸው ሰው ሊቆጡ እንደተዘጋጁ ያስታውቃል፤ ሊቆጡ የነበሩትም እኔን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ሐኪም ነበሩ። ከእኛ ወረዳ አልፈው እስከ አቀስታ ድረስ ያልወጉት በሬ፣ ያላዋለዷት ላም የለችም ይባል ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ሽምግልናው ሥራቸው ሆነ። ባልና ሚስት፣ ድንበርተኛና ድንበርተኛ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ የተጣላ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚጠራው። ታዲያ አንድ ጠዋት ፎቶ ቤቴ ገብተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡና፣ «ግርማ፣ ለምክር ቤት ልወዳደር ነው። ፎቶ አንሳኝ» አሉኝ።

«በየትኛው ፓርቲ?» አልኳቸው።

«በግሌ።»

«ማን ይዞዎት?»

«ማንም እንዳይዘኝ ነዋ!»

አነሳኋቸው። ጺማቸው ሽበት በሽበት ስለነበር ለሰውየው ላስብ ብዬ በኮምፒዩተር ትንሽ አጠቆርኩት። አይተው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይኼ የማን ጺም ነው? መልስልኝ የኔን!» ብለው ጮኹብኝ። በነጋታው ግን ጺማቸውን በሂና አቅልተው፣ ፏ ብለው መጡ። ይኼስ ከኔው ኮምፒዩተር በምን ይለያል ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያንተ ውሸት ነው። ይኼኛው መንገድ ላይ ቢያገኙኝም ያው ነው» አሉ። ፎቶውን የተነሱት በዚያ ክርክር መሐል ነው።

እኔም በዚያው ተጠለፍኩ። ድምፅ ማጉያ ነበረኝ፣ የምትታዘዘኝ አንዲት ባጃጅ ነበረች፣ ወሬም እወዳለሁ። ሳላስበው የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ሆንኩ። ኃላፊም እኔ፣ ሠራተኛም እኔ። ለምርጫ ምልክት ላም ፈልገው ነበር፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ስለወሰደው ጃንጥላ ደረሳቸው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመና የሚባል በሌለበት በጋ ጃንጥላ ይዘው የሚዞሩ ሰው ሆኑ።

ሰው እንደሚያስበው ግን መናኝ አልነበሩም። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ተሰብስበን አንዱ፣ «ጋሽ ይመር መቼም ሥልጣን ፈልገው አይደለም፣ ለሕዝብ ብለው ነው እንጅ» ብሎ ሊያሞካሽ ቢሞክር፣ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ወላሂ እፈልጋለሁ! የማይፈልገውን ነገር ደጅ ለደጅ እየዞረ የሚለምን ሰው ካየህ ጠበል ውሰደው። እፈልጋለሁ። ልጄ እዚህ ሥራ አጥታ የሰው አገር ቤት ትጠርጋለች። የሷን ነገር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ መናገር እፈልጋለሁ። ግን ስናገር ማንም ልብሴን ጎተት አድርጎ ተቀመጥ እንዲለኝ አልፈልግም» አሉ። ሰውየው የፈለጉት ሁለቱንም ነበር፤ ወንበሩን ማግኘትንም፣ ከማንም እጅ አለመግባትንም።

ችግሩ የመጣው ከእህል ነው።

በእኛ አገር ሽማግሌ ለእርቅ ከገባ እህል አይቀምስም። የቀረበለትን ሌማት ገፋ አድርጎ «መጀመሪያ ነገሩን እንጨርስ» ይላል። እጅ የሚታጠበው በዳይና ተበዳይ እሺ ካሉ በኋላ ነው። ጋሽ ይመር ይህችን የሽምግልና ሕግ እንዳለች አንስተው ምርጫው ውስጥ ጨመሯት። «የሰው እንጀራ በልቼ ድምፅህን ስጠኝ ብዬ ብለምነው፣ ሰውየው እምቢ ማለት ይቸግረዋል። እምቢ ማለት የተቸገረ ሰው ደግሞ መረጠ አይባልም» አሉኝ። እኔም እውነት ነው ብዬ ተስማማሁ። ወሎ ውስጥ መሆናችንን ረስቼው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ቤት ገባን። አያ ደምሴ ክርስቲያን ናቸው። እንግዳቸው ጋሽ ይመር እንደሆኑ ሲሰሙ ዶሮውን በሙስሊም ጎረቤታቸው አሳርደው ነው የጠበቁን። ወጡ ከሩቅ ያውዳል። ሌማቱ ቀረበ። ጋሽ ይመር በመዳፋቸው ገፋ አድርገው፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ መጀመሪያ የመጣሁበትን ልናገር» አሉ።

የአያ ደምሴ ሚስት ማንኪያውን ይዘው ቀሩ። አያ ደምሴ ግንባራቸውን አሻሹ፣ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፣ ሚስታቸው መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ነገሩ አልገባኝም። ቆይተው አያ ደምሴ በረጅሙ ተነፈሱና፣ «ጋሽ ይመር፣ ገብቶኛል። ስለ ወንድሜ ነው የመጡት» አሉ።

ለካ ከወንድማቸው ጋር በባሕር ዛፍ ድንበር ተኳርፈው ኖረዋል! ጋሽ ይመር ጉዳዩን ሰምተውት እንኳ አያውቁም። «ኧረ እኔ የመጣሁት...» ብለው ሲጀምሩ አያ ደምሴ፣ «አይድከሙ፤ እርስዎ ቤቴ ገብተው እህሌን ገፍተው እኔ ምን አፍ አለኝ? ይጠራ!» ብለው ወንድማቸውን አስጠሩ። ወንድምየው መጣ። እሱም ሌማቱ ሳይነካ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ያን ያህል ዓመት የተቋጠረ ነገር ገና በወጉ ሳይነሳ ተፈታ፤ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። እኔም ከነድምፅ ማጉያዬ አለቀስኩ። ከዚያ እጅ ታጠብን፤ እርቅ ወርዶ አለመብላት ደግሞ ነውር ነው። ዶሮው ግሩም ነበር።

ስንወጣ ባጃጇ ጋ ደርሰን፣ «ጋሽ ይመር፣ ምርጫውንስ?» አልኳቸው።

«በልቼ እንዴት እጠይቃለሁ?»

«እና ምን ልንሠራ መጣን?»

«እኔ ምን ላርግ፣ ሰዎቹ ቀደሙኝ እኮ!» አሉና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ከፊታችን እየሮጠ ደረሰ። ጋሽ ይመር እህል ሳይቀምሱ በየቤቱ እየዞሩ ነው ተባለ። በገባንበት ሁሉ ሰው ሌማቱን ሲገፉ ያይና ኃጢአቱን ይቆጥር ጀመር። ከአማቷ ጋር የተኳረፈች ምራት፣ የተበደረውን ወይፈን አንካሳ አድርጎ የመለሰ ጎረቤት። አንዲት ሴት ደግሞ ሪያድ ካለ ባሏ ጋር ስልክ ተዘጋግታ ነበር። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ይመር ጎንበስ ብለው ባልየውን፣ «አብሽር፣ አንተ ብቻ እሺ በል፤ እኛ እዚህ ቂንጬው እየቀዘቀዘብን ነው» ሲሉት ከሪያድ ሳቅ ተሰማ። ታረቁ፤ በላን፤ ሳንጠይቅ ወጣን። እኔ መራጭ ልሰበስብ ወጥቼ የምሰበስበው ታራቂ ሆነ። እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ የለም፤ እንደዚያ የሳቅሁበትም ጊዜ የለም።

ተስፋችን ያለው ላይ በር በሚባለው መንደር ነበር። ላይ በርና ታች በር በአንድ ዳገት ላይ የተያያዙ መንደሮች ናቸው። በመሐላቸው ባለ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ከድሮ ጀምሮ ይጣላሉ። ላይ በር ሰፊ ነው፣ ሕዝቡም ባንድ ቃል የሚሄድ ነው። እነሱ ከያዙን ወንበሩ የኛ ነው። ሼህ አራጋው የሚባሉት የመንደሩ ትልቅ ሰው ራሳቸው ናቸው የላኩብን።

ስንደርስ ሕዝቡ ከመንደሩ ወይራ ዛፍ ሥር ሞልቷል። ሴቶቹ በጃንጥላ ተቀበሉን፤ ደስ አለኝ። እርጎ በትልቅ ቅል ከቤት ወጥቶ ሲመጣም አየሁ። ሼህ አራጋው ተነሱና፣ «ጋሽ ይመር፣ እርስዎን የማያውቅ የለም። መንደሩ ጨርሷል፤ ከሕፃንና ከከብት በቀር ሁሉም የርስዎ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ይበሉን። ሜዳው የላይ በር ነው ይበሉ፤ አለቀ» አሉ።

ጋሽ ይመርን በክርኔ ጎሰም አደረግኋቸው። ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩ። ጺማቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«የታች በር ሰዎች ሲጠይቁኝስ ምን ልበል?» አሉ በመጨረሻ።

«ለነሱ ምን አስነገረዎት!» አሉ ሼህ አራጋው፤ ሕዝቡ ሳቀ።

«እንግዲያው እንዲህ ነው። ሜዳው የማን እንደሆነ አላውቅም። እናንተንም እነሱንም አንድ ላይ አስቀምጬ ሳልሰማ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ሊሰጡን መጡ?»

«ምንም። ልለምናችሁ ነው የመጣሁት።»

የሰዉ ሳቅ ጠፋ። ጃንጥላዎቹ ባንድ ታጠፉ። እርጎውን ይዛ የመጣችው ልጅ ሼህ አራጋውን ቀና ብላ አየች፤ እሳቸውም በዓይናቸው ነገሯት፤ ቅሉን እንደያዘች ወደ ቤት ተመለሰች።

ቁልቁለቱን ስንወርድ አላናገርኳቸውም። እሳቸው ግን፣ «አየህ ግርማ፣ ዛሬ ብላም አላሉኝ» አሉ። ድምፃቸው እንደተከፋ ልጅ ድምፅ ነበር። አንጀቴን በላው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ያን ምሽት ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ራት አቀረቡ። አልበላም አልኩ። እትዬ ዘሃራ ወገባቸውን ይዘው ቆመው፣ «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አሉኝ።

«ከኔ ጋር ነው። ነይ ሸምግይን» አሉ ጋሽ ይመር።

እትዬ ዘሃራ ተቀመጡ። «እሱ ምን አጠፋ?»

«ሙሉ መንደር እጃችን ገብቶ ለቀቁት! አንዲት ቃል ቢሉ ምን ነበረበት? መጀመሪያ ያሸንፉ፣ ከዚያ እንደፈለጉ ንጹሕ ይሁኑ!»

«አንተስ ምን አጠፋህ?»

«እኔ ምንም!»

«ምንም ያላጠፋ ሰው ለእርቅ አይመችም። ይመር፣ አንተው ይቅርታ በለው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ይመር ግን ተነስተው ቆሙ። «ይቅር በለኝ ግርማ። እኔም እኮ ፈልጌው ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ትንሽ ቢገፋፉኝ እለው ነበር። ጃንጥላውን እንደዚያ ጭምቅ አድርጌ የያዝኩት ለዚያ ነው» አሉኝ። እጄን ታጥቤ በላሁ።

ተሸነፍን። ውጤቱ በየጣቢያው ሲለጠፍ እየዞርን አየን። ላይ በር ስንደርስ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱን ጠጋ ብለው አነበቡ። ለሳቸው የወጣው ድምፅ ከምንም አይቆጠርም። እሳቸው ግን ቶሎ አልሄዱም። «እነዚህ እነማን ይሆኑ?» አሉ። «ምንም ሳልሰጣቸው፣ መንደሩ በሙሉ ወደዚያ ሲሄድ ወደኔ የመጡት? እነዚህ ናቸው የመረጡኝ።» እኔ የጠፋውን ድምፅ እቆጥር ነበር፤ እሳቸው የተገኙትን ሰዎች ማወቅ ፈለጉ።

ደስ ብሏቸው ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። ለብዙ ጊዜ ሱቄ መምጣት ተዉ። ልጠይቃቸው ስሄድ ጺማቸው ወደ ነጭነቱ ተመልሷል። «ከፍቶኛል» አሉኝ በግልጽ። «ተሸንፌ ደስ አለኝ የሚል አስመሳይ አልሆንም። ወንበሩን ፈልጌው ነበር።»

ያሸነፈው ሰው ክፉ አልነበረም። ብቻ ሜዳውን ለላይ በርም ለታች በርም ቃል ገብቶት ኖሯል። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲደርስ ሁለቱም መንደር ሜዳው ላይ ከነከብቱ ተገናኘ፤ ዱላ ተማዘዘ፤ ራስ ተፈነከተ። ከዚያ አንድ ቀን ሼህ አራጋው ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ፎቶ ሊነሱ መስሎኝ ነበር። «ጋሽ ይመር ቢያዩኝ ይቆጡ ይሆን?» አሉኝ። የታች በር ሰዎችም ልከዋል። ለሁለቱም መንደር ቃል ያልሰጠ ሰው ቢፈለግ እሳቸው ብቻ ተገኙ።

ጋሽ ይመር ሄዱ። ሜዳው ላይ ሁለቱንም ወገን አስቀምጠው ሰሙ። ሳምንት አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ ውኃቸውን ከቤታቸው በኮዳ ይዘው ነበር የሚወጡት። በመጨረሻ ሜዳውን በየተራ ሊያሰማሩ ተስማሙ። ያን ቀን ታች በሮች ዳቦ፣ ላይ በሮች ያንን ትልቅ ቅል እርጎ ይዘው መጡ። ጋሽ ይመር እጃቸውን ታጥበው እንደዚያ ሲበሉ አይቼ አላውቅም፤ ጺማቸው እርጎ በእርጎ ሆነ። አፋቸው እንደሞላ ፎቶ አነሳኋቸው። «ሰርዘው!» ብለው ጮኹ፤ አልሰረዝኩትም። ለፎዚያ እሱንም ጨምሬ ላክሁላት።

ሱቄ ውስጥ ዛሬም ድረስ ክርክር አለ። ተመርጠው ቢሆን እንደሌላው ይሆኑ ነበር የሚል አለ፤ እዚያ ምክር ቤቱ ውስጥ የሚቀርበው ሌማት ከአያ ደምሴ ዶሮ ይበልጣል ይላል። አይሆኑም ነበር የሚልም አለ። እኔ አላውቅም። የማውቀው ወይራው ሥር ጃንጥላ የጨበጡትን እጆች ብቻ ነው።

ቀብሩ ላይ ቃሬዛውን ላይ በርና ታች በር እየተቀባበሉ ተሸከሙት። እነ አያ ደምሴ ከነወንድማቸው መጥተው ከኔ ጋር ከሚሰግዱት ሰልፍ ጎን ቆሙ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ገባን። ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራውንም ዳቦውንም ሽሮውንም ይዞ መጥቷል። ፊቴ ቀረበልኝ። ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል አይተውኝ ኖሯል። ነጠላቸውን እየሳቡ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ዓይናቸው አብጧል።

«ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?» አሉኝ።

መልሱ ሳላስበው ወጣ። «ከሳቸው ጋር።»

«ምን አደረገህ?»

«ሳይሰናበቱኝ ሄዱ።»

«እኔንም» አሉ እትዬ ዘሃራ። ዳቦውን አንስተው ለሁለት ገመሱት። «እንግዲህ እሱ ተነስቶ ይቅርታ አይለን። እኛው ይቅር እንበለው።»

እሳቸው ቀድመው ቆረሱ። እኔም እጄን ታጥቤ በላሁ።